ፊዚዮሎጂን ላስወደዱኝ መምህርት፣ ከልብ አመሰግናለሁ

አልፌያለሁ! ተመስገን። ውጤቴን ካየሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው፤ እስካሁን ደጋግሜ እያየሁት ነው። ይሄን ጽሁፍ ግን ስለ ራሴ ልጽፍ አልተነሳሁም። ሳላመሰግናቸው ባልፍ እንቅልፍ የማይወስደኝ አንዲት መምህርት አሉ።

የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስፈተን ይሄ ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ወደቅኩ። የጣለኝም ፊዚዮሎጂው፣ ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምረው ክፍል ነው። ኬሚስትሪውም ፊዚክሱም ደህና ነበር፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ሆርሞን የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን የሸመደድኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል።

ያኔ የተማርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ታጭቀን ነበር የምንቀመጠው። አንድ ወፍራም ጥራዝ ሰጡንና «ይሄን ከያዛችሁ በቂ ነው» አሉን። እኔም ያዝኩ፣ ሌሊት እየተነሳሁ ሸመደድኩ። አንድ ቀን እጄን አወጣሁና «ትንፋሻችንን ስንይዝ የሚያስጨንቀን ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አስተማሪው «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ጊዜያችንን አታባክኚ» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ከከፈልኩት ገንዘብ በላይ አፌን ዘግቼ ያሳለፍኳቸው እነዚያ ወራት ናቸው እስከዛሬ የሚቆጩኝ።

ከወደቅኩ በኋላ ደግሞ ኦንላይን ሞከርኩ። እሱ ቪዲዮ ብቻ ነው። ያልገባኝን ስጽፍላቸው «ቪዲዮውን ደግመሽ እዪው» ይሉኛል። አየሁት፣ ደገምኩት። መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር በአራተኛውም አልገባኝም። ልተወው ወስኜ ነበር፣ የምሬን ነው።

እኚህን መምህርት ያገናኘችኝ ጓደኛዬ ናት። ፊዚዮሎጂን ለብዙ ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ጥሪ ጥቂት ተማሪ ብቻ ያስጠናሉ። በመጀመሪያው ቀን ኖት ሊያጽፉኝ ነው ብዬ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «እስኪ ያልገባሽን ንገሪኝ፤ ለመጠየቅ ያፈርሽውንም ጭምር» አሉኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ያንን የትንፋሽ ጥያቄ አወጣሁት።

«ጎሽ! በይ አሁኑኑ ትንፋሽሽን ያዢ» አሉ። ያዝኩ። ሰዓታቸውን እያዩ ይቆጥራሉ። ፊቴ ጋለ፣ ደረቴ መታገል ጀመረ፣ በመጨረሻ አቃተኝና ለቀቅኩት። «ምን አስለቀቀሽ?» አሉኝ። «ኦክስጅን አለቀብኝ» አልኩ። «አላለቀም የኔ ልጅ፣ ደምሽ ውስጥ ገና ብዙ አለ። ያስጨነቀሽ የተጠራቀመው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ሲበዛ አሲዱ ይጨምራል፤ አንጎልሽ ደግሞ ይሄን ቶሎ ያውቅና ተንፍሺ እያለ ያስገድድሻል።» ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ይሄን የመሰለ ጥያቄ አትጠይቂ ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

እዚያው ካሜራው ፊት እንባዬ መጣ። አላባበሉኝም፣ አልተቆጡኝምም። «ሂጂ ውሃ ጠጥተሽ ነይ፣ እኔ የትም አልሄድም» ብቻ አሉ። ስመለስ እዚያው ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር። ሰዓቱ ቢያልፍም ያን ቀን ለትርፉ አላስከፈሉኝም። ስንት ቦታ ተምሬያለሁ፣ እንዲህ የጠበቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

አስተማሪነታቸውን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ሰዎች አሉ አሉኝ። አንዱ በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር እያስገባ በደቂቃ 12 ጊዜ ይተነፍሳል። ሌላው 250 እያስገባ 24 ጊዜ። ሁለቱም በደቂቃ 6 ሊትር ነው። ታዲያ ማን ይሻላል? «እኩል ናቸው» አልኩ። «ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ 150 የሚሆነው በአየር ቧንቧው ላይ ይቀራል፣ ከደም ጋር አይገናኝም። ቀንሺው» አሉ። ቀነስኩ። የመጀመሪያው 350 በ12፣ 4200 ሆነ። የሁለተኛው 100 በ24፣ 2400! ቁጥሩን እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አየሩ የሚቀርበትን ይሄን ቦታ ጥራዙ «ሙት ክፍተት» ይለዋል፤ ትርጉሙን በቃሌ አውቀው ነበር እኮ፤ ምን እንደሚሠራ ግን የገባኝ ያን ቀን ነው። ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ የሚተነፍስ በሽተኛ ለምን እንደሚደክምም አብሮ ገባኝ።

ወደ ኩላሊት ስንገባ ደግሞ ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣ። አባቴ የደም ግፊት አለበት። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ታዞለት ነበር፤ «ግፊቴን አክሙኝ ብል ሽንት ቤት ያመላልሱኛል» እያለ ይማረራል፣ አንዳንድ ቀን እንደማይውጠውም ደርሼበታለሁ። ለመምህርቷ ስነግራቸው «እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን የአባትሽ ክኒን ነው» አሉ። ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ 1.5 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ክኒኑ ጨው እንዳይመለስ ያደርጋል፣ ውሃው ጨዉን ተከትሎ ይወጣል፣ በደም ቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። በቃ። ያን ማታ ለአባቴ ወረቀት ላይ ሥዬ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» አለ። ወረቀቷን መድኃኒቱ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን አይዘልም።

ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ገብቶኛል አልልም። ያ ኩላሊት ውስጥ ያለው፣ የሄንሌ ቀለበት የሚባለው፣ ጨውና ውሃ በየፊናቸው የሚሄዱበት ነገር፣ ዛሬም ያምታታኛል። አራት ጊዜ አስረድተውኛል። አራተኛውን ጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን ተረጋግተው ነው ያስረዱኝ፤ አንድም ቀን «ነግሬሽ አልነበር?» ብለውኝ አያውቁም።

የፈተናው ዋዜማ ማታ ደወሉልኝ። ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ጥራዙን ዝጊ፤ ነገ ግራ ሲገባሽ ሰውነት ምን ሊያስተካክል እየሞከረ ነው ብለሽ ጠይቂ። አሁን ተኚ» ብለው ዘጉ። ተኛሁ። በመጀመሪያው ፈተና ዋዜማ ዓይኔን አልከደንኩም ነበር። ፈተናው ላይ ደም ስለፈሰሰው ሰው የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ያንኑ አደረግኩ፤ ግፊቱ ወርዷል፣ እንግዲህ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ቧንቧ ይጠባል፣ ኩላሊት ውሃ ይይዛል እያልኩ ተራ በተራ አወጣሁት። አንዱንም አልሸመደድኩትም።

ለዚህ ፈተና የምትዘጋጁ፣ በተለይ አንዴ ወድቃችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ፣ እባካችሁ እኚህን ሴት አግኟቸው። ጥያቄያችሁ ሞኝ የሚመስላችሁ፣ እናንተም አግኟቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ተማሪ አይቀበሉም። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ወረፋም ቢኖር ጠብቁ። እውነቴን ነው፣ ጠብቁ።

ውጤቴን እንዳየሁ ከቤተሰቤ ቀጥሎ የደወልኩት ለእሳቸው ነው። ከማልቀሴ የተነሳ ቃል አልወጣልኝም። እሳቸው ደግሞ በመስመሩ ላይ ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ ቆይተው «ውሃ ጠጪና ነይ፣ አለሁ» አሉኝ።