ሴቴኒል ወይስ ጓዲክስ? የአንዳሉሲያ የዋሻ ቤቶች

ደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ክልል ውስጥ የዋሻ ቤት ማየት ለሚፈልግ ሁለት ከተሞች አሉ፦ ሴቴኒልና ጓዲክስ። ሴቴኒል ለፎቶ ይሻላል፦ የትሬሆ ወንዝ የቦረቦረው ገደል ለመንገዱ ጣሪያ ሆኖ፣ ከሥሩ ቡና ቤቶች ተደርድረዋል። ቤቶቹ ግን በአብዛኛው የተፈለፈሉ አይደሉም፤ ከተንጠለጠለው ዓለት ሥር የፊት ግድግዳ ተሠርቶላቸው ነው።

ጓዲክስ ሌላ ነው። ከግራናዳ በስተምሥራቅ፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚህ ሰው ራሱ የሸክላ አፈሩን ኮረብታ ፈልፍሎ ገብቷል፤ ከላይ ብቅ የሚለው ነጭ የጭስ ማውጫ ነው። በሐምሌ ውጭው ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡ 20 ገደማ ነው፤ በጥርም ብርዱ አይገባም። ብዙዎቹ ዛሬም የሰው መኖሪያ ናቸው (ደጃፍ ላይ ቆሞ ማፍጠጥ ነውር ነው)፤ ውስጡን ለማየት የዋሻ ሙዚየም አለ፣ ተከራይቶ ማደርም ይቻላል። እኔ ጓዲክስን እመርጣለሁ። ሴቴኒልን በአቅራቢያው ወዳለችው ሮንዳ ከተማ የሄደ ሰው በዚያው ጎራ ብሎ ቢያየው ይበቃዋል።