መፋቂያ ወይስ ብሩሽ? ማስሞላት ወይስ ማስነቀል? ለልጅና ለአዋቂ ጥርስ የምንከፍልባቸው ነገሮች ንጽጽር

ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ ከታች በኩል ባለው የመጨረሻ መንጋጋዋ ላይ የኑግ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አየሁ። «የወተት ጥርስ ነው፤ ነገ ይወልቃል» ብዬ ተውኩት። ከአራት ወር በኋላ አንድ ሌሊት ጉንጯን ይዛ እያለቀሰች ነቃች። ነጥቧ ወደ ውስጥ ዘልቃ ቀዳዳ ሆናለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ የወተት ያልኩት ጥርስ ቋሚ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አራት ቋሚ መንጋጋዎች ይወጣሉ፤ ቦታ ለመልቀቅ ብሎ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ መውጣታቸውን እንኳን አያውቅም። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ «ይነቀል» አለን። ሌላ ቦታ ወሰድኳት። እዚያ ራጅ ተነሣች፤ ስሩ ገና ያልጠና በመሆኑ ሐኪሟ የተጎዳውን የነርቭ ክፍል ብቻ አንሥታ፣ መድኃኒት አድርጋ ሞላችው። ዛሬም በዚያ ጥርስ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቤ ጥርስ አንድ ነገር ከመግዛቴ ወይም አንድ ሕክምና ከመቀበሌ በፊት አማራጩን ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ። እዚህ የጻፍኩት ያንን ነው።

ከሳሙናው ልጀምር። ሱቅ ገብተን «ኮልጌት ስጠኝ» ስንል ማንኛውንም የጥርስ ሳሙና ማለታችን ነው። የሚመረጠው ግን በስሙም በጣዕሙም አይደለም፤ በቱቦው ጀርባ በደቃቅ ፊደል በተጻፈው የፍሎራይድ መጠን ነው። መጠኑ በፒፒኤም ይገለጻል፤ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ስንቱ ፍሎራይድ እንደሆነ ማለት ነው። ጥርስን ከመቦርቦር ለመጠበቅ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም ያስፈልጋል፤ የአዋቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ1350 እስከ 1500 ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ መጠኑን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።

ሁለት ቱቦ እናስተያይ። አንዱ የካርቱን ሥዕል ያለበት፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚል የልጆች ሳሙና፤ ሌላው ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት ተራ ነጭ ሳሙና። የልጆች ከሚባሉት አንዳንዶቹ 500 ፒፒኤም ብቻ አላቸው፤ ፍሎራይድ ጭራሹን የሌላቸውም አሉ። ጣፋጭ ጣዕሙ ደግሞ ልጁን እንዲውጠው ይጋብዘዋል። እኔ ከሦስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ የቤተሰቡን ሳሙና እመርጣለሁ፤ ከዚያ በታች ላለው ወደ 1000 የሚጠጋውን። ልዩነቱን የሚያመጣው ብሩሹ ላይ የሚደረገው መጠን ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አንዲት የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። በማስታወቂያ ላይ እንደምናየው ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሙላት ለልጅ ፈጽሞ አይደረግም። ቱቦው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከተቦረሸ በኋላ ይተፋ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ፤ ስንጉመጠመጥ የከፈልንበትን ፍሎራይድ አጥበን እንደፋዋለን። ይህ ለአዋቂም ያው ነው።

ትልቅ ልዩ ሁኔታ የሚሆነው የስምጥ ሸለቆ ነው። በዝዋይ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ አካባቢ የጉድጓድ ውኃው ራሱ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። በአካባቢው የሚታየው የቡናማ ጥርስ ምክንያቱ ይህ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። በአዋቂነቱ ወደዚያ ለሥራ የሄደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ እዚያ የተወለደው ልጁ ጥርስ ግን ሊበልዝ ይችላል። እዚያ ለሚኖር ቤተሰብ ውድ ሳሙና ከመግዛት ይልቅ ገንዘቡን ለልጁ የመጠጥና የምግብ ማብሰያ ውኃ ማዋል ይሻላል፦ የዝናብ ውኃ ማጠራቀም፣ ከተቻለ በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ መጠቀም። ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን አይቀንስም። ለልጁ የትኛው ሳሙና እንደሚሻል የአካባቢውን የጥርስ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። የበለዘ ጥርስ ያላቸው ወጣቶች የሚያነጣ ሳሙና እየገዙ ሲፍቁ ሳይ አዝናለሁ፤ መበለዙ በሽፋኑ ውስጥ እንጂ በላዩ ላይ ስላልሆነ በመፈግፈግ አይለቅም።

ስለ ማንጫ ሳሙናና ስለ ከሰል ዱቄት ሁለት ቃል። የሻይና የቡና እድፍ ያነሣሉ፤ የተፈጥሮ ቀለሙን አይለውጡም። ሻካራ ከሆኑ ሽፋኑን ይሞርዱታል፤ የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ለቀዝቃዛ ውኃ ለሚሳሱ ጥርሶች የሚሸጠው ሳሙና ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ለታገሠው ጥቅሙ ይታያል። አንድ ጥርስ ብቻውን የሚያም ከሆነ ሳሙና መቀየሩ ጊዜ ማባከን ነው፤ ያ ጥርስ ተቦርቡሮ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

አሁን ወደ መፋቂያው። እናቴ የወይራ መፋቂያዋን ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጥራ ትይዛለች። ጫፉን በጥርሷ ታኝከዋለች፤ ጭረቱ እንደ ቀጭን ብሩሽ ሲበተን የፊት ጥርሶቿን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ትፍቃለች። ብሩሽ የያዝን ልጆቿ አንድ ደቂቃ ሳንሞላ ስንጨርስ እሷ ሩብ ሰዓት ትቆያለች። የመፋቂያ ትልቁ ብልጫ ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ጊዜ ይሰጠዋል። ርካሽ ነው፣ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፣ የወይራውም የክትክታውም ጭረት የጥርስን ፊት በደንብ ያጸዳል። ድክመቱ ሁለት ነው። የመንጋጋን የውስጥ ጎንና የኋላውን ጥርስ በቀላሉ አይደርስም፤ ፍሎራይድም የለውም። በኃይል ወደ ጎን የሚፍቅ ሰው ድዱ ወደ ኋላ ይሸሽና የጥርሱ ስር ይጋለጣል። ለአዋቂ ምርጫዬ ሁለቱንም መያዝ ነው፦ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ብሩሽና ሳሙና። ለልጅ ግን ብሩሹ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ ልጅ ጭረቱን ወደ ድዱ ይወጋል፣ ስንጣሪም ይውጣል።

ብሩሽ ሲገዙ «ለስላሳ» የሚለውን ይውሰዱ። «ጠንካራ» የሚለው የተሻለ ያጸዳል የሚለው እምነት ለልብስ እንጂ ለድድ አይሠራም። የልጅ ብሩሽ ራሱ ትንሽ ይሁን፤ ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ግን የሚቦርሸው ወላጅ ነው፤ ጫማውን በደንብ ማሰር ያልቻለ እጅ መንጋጋውን በደንብ አይቦርሽም። በሦስት ወር ገደማ ብሩሹ ይቀየር። የኤሌክትሪክ ብሩሽ በመጠኑ የተሻለ ያጸዳል፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ደግሞ ዋጋው ተገቢ ነው። ለሌላው ሰው ባለ ጥቂት ብር ለስላሳ ብሩሽ፣ ሁለት ደቂቃ ከተሰጠው፣ ይበቃል። የጥርስ ክርና ስቲኪኒ ሲነጻጸሩ ክሩ ይበልጣል፤ ስቲኪኒ ሥጋውን ያወጣል እንጂ በጥርሶቹ መካከል የሚለጠፈውን ቆሻሻ አይጠርግም። የአፍ መጉመጥመጫ ለአብዛኛው ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው ግን ክሊኒክ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው።

ጥርስ ሲያም የመጀመሪያው ግዢ ብዙ ጊዜ ከፋርማሲ የሚገኝ አንቲባዮቲክ ነው። ሕመሙ ለጥቂት ቀናት ጋብ ሲል ዳንኩ ይባላል። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ሊሞላ ይችል የነበረው ጥርስ ስሩ ተነክቶ ይገኛል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ፊት ሲያብጥ ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው፤ ያኔም ከጥርሱ ሕክምና ጋር። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር እናቶች አይሰጥም፤ የልጁን ጥርስ ለዘለቄታው ሊያበልዝ ይችላል። ቅርንፉድ ለአንድ ሌሊት ያስታግሣል፤ ከዚያ አያልፍም።

ሙሌት፣ የስር ሕክምናና ማስነቀልን እናስተያይ። ሙሌት ቀዳዳው ነርቭ ሳይደርስ የሚደረግ ነው፤ ከሦስቱ ለገንዘቡ ብዙ የሚሰጠው እሱ ነው። ሩት ካናል የምንለው የስር ሕክምና ነርቭ ሲነካ የሚደረግ ሲሆን፣ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ሊወስድ ይችላል፤ መንጋጋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከላዩ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ፣ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ ክራውኑን ደምራችሁ ጠይቁ። ማስነቀል በዕለቱ ሲታይ ከሁሉም ይረክሳል። ነገር ግን ክፍተቱ ባዶ ሲቀር ጎረቤቶቹ ወደ ጎን ያዘነብላሉ፣ ከላይ ያለው አቻው ወደ ታች ይወርዳል፤ በኋላ ለመተካት የሚጠየቀው ገንዘብ ከሩት ካናሉ ይበልጣል። ሊድን የማይችል ጥርስ ይነቀል፤ ሊድን የሚችል ጥርስ ዛሬ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይነቀል።

በልጅ ላይ ነገሩ በጥቂቱ ይለያል። «የወተት ጥርስ ስለሆነ ምን አስጨነቀህ» ይባላል። የወተት መንጋጋዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ የሚያገለግሉ፣ ለቋሚዎቹ ቦታ የሚጠብቁ ናቸው። ቀድመው ከተነቀሉ ቦታው ይጠብብና ቋሚዎቹ ተደራርበው ይወጣሉ፤ ከዚያ ጥርስ የሚያስተካክለው የብሬስ ወጪ ይመጣል። የግድ ሲነቀል ቦታ ጠባቂ ሽቦ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። የሕፃን ድድ ሲያብጥ «ግግ ነው» ብሎ ማስነቀል ደግሞ ከምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም። የሚወጣው ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ልጁ የያዘው ተቅማጥ ከሆነ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ነው።

የመሙያው ዓይነትም ይለያያል። ብርማው አማልጋም ጠንካራ ነው፤ ሜርኩሪ ስላለበት ግን በዓለም ደረጃ እየቀረ ነው፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮችም አይመከርም። ነጩ ኮምፖዚት መልኩ ያማረ ነው፤ ሲሞላ ጥርሱ ፍጹም ደረቅ መሆን ስላለበት እየተንቀጠቀጠ ለሚያለቅስ ልጅ ያስቸግራል። ግላስ አዮኖመር ከሁለቱ ቶሎ ያልቃል፤ ሆኖም ፍሎራይድ ይለቃል፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ ያለ መቦርቦሪያ ማሽንም ሊሞላ ይችላል፤ ማሽኑን ለሚፈራ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ቀዳዳውን ባለበት የሚያስቆም ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽም አለ። አያምም፤ የነካውን ቀዳዳ ግን ያጠቁረዋል፤ ለወተት መንጋጋ ይሁን፣ ለፊት ጥርስ ወላጅ አስቦበት ይወስን።

የተነቀለን ለመተካት፣ ተነቃዩ፣ ማለትም የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ማታ ይወጣል፣ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። በጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚቀመጠው ብሪጅ አይወልቅም፤ ግን ሁለቱ ጤነኛ ጎረቤቶች ለሱ ሲባል ይሞረዳሉ። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ኢምፕላንት ጎረቤት አይነካም፤ ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፣ አጥንት እስኪይዘውም ወራት ይወስዳል። ለሚያጨስና ስኳሩን ለማይቆጣጠር ሰው አደጋው ከፍ ይላል። መንጋጋቸው ገና እያደገ ላሉ ልጆች አይደረግም።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያሳሳል» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የጠጠረው ቆሻሻ ሲነሣ ምላስ ክፍተት ይሰማዋል፤ ክፍተቱ ቀድሞም ነበረ፣ የሞላው ቆሻሻው ነበር። ድዱ የደማ ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ትታጠብ።

ክሊኒክ ስትመርጡ ከወንበሩ ውበት ይልቅ እጃቸውን ተመልከቱ። መሣሪያው በታሸገ ከረጢት መጥቶ ፊታችሁ ይከፈታል? ከመንቀላቸው በፊት ራጅ ያሳዩአችኋል? «ማዳን ይቻላል?» ስትሉ ምክንያቱን እየጠቆሙ ይመልሳሉ? ለልጄ «ይነቀል» ያለው ቦታ ከሦስቱ አንዱንም አላደረገም።