ወደ ሬሳው የቀረበችው ከተማ፦ የሞንትጎመሪው መታሰቢያ በአንድ ክርስቲያን ዓይን

በአላባማ ግዛት ዋና ከተማ በሞንትጎመሪ የሚገኘው «የሰላምና የፍትሕ ብሔራዊ መታሰቢያ» በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የተፈጸመውን የደቦ ግድያ የሚዘክር ሥፍራ ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2018 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያሠራው ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን በ1989 የመሠረተው ኢኩዋል ጀስቲስ ኢኒሺየቲቭ የተባለ ድርጅት ነው፤ ይህ ድርጅት ይበልጥ የሚታወቀው ሞት ለተፈረደባቸውና ያለ አግባብ ለታሰሩ ሰዎች ጥብቅና በመቆም ነው። ጎብኚ በ5 ዶላር ትኬት መታሰቢያውን፣ «ሌጋሲ» የተባለውን ሙዚየምና በአላባማ ወንዝ ዳር የተዘረጋውን የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ፣ ሦስቱንም ያያል። በዚህ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የሚሸጥ ሰው ስለማላውቅ፣ ስለ ዋጋው ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ግምገማውን የምጽፈው እንደ ክርስቲያን ነው፤ ሥፍራው ክርስቲያንን በተለየ መንገድ ይጠይቃልና። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሟቾቹም ቤተሰቦች ያንኑ መጽሐፍ ያነብቡ፣ ያንኑ ጌታ በጸሎት ይጠሩ ነበር። እኔ ደግሞ በትውልድ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ከሌላ አህጉር መጥቼ በጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ በምትገኝበት በፉልተን ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) የተቀመጥሁ ሰው ነኝ፤ አያቶቼ ገመድ አልጎተቱም፣ በገመድም አልተንጠለጠሉም። ስለዚህ «ጉዳዩ እኔን በምን ይመለከተኛል?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ግምገማ አድርጋችሁ አንብቡት።

መታሰቢያው ከተማይቱን ቁልቁል በሚያይ 6 ኤከር መሬት ላይ ያረፈ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሚገኘው የጋናዊው ቀራፂ የኳሜ አኮቶ-ባምፎ ሥራ ነው፤ በሰንሰለት የተጠፈሩ ወንዶችና ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል ልጇን የታቀፈች እናት ይታያሉ። ከዚያ ዋናው ግንባታ ይመጣል። ጣሪያ ባለው ሰፊ አራት ማዕዘን ሥር ከ800 በላይ ዝገት የለበሱ የብረት ዓምዶች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዓምድ የአንድ ካውንቲ ሲሆን፣ በዚያ ካውንቲ የተገደሉት ሰዎች ስምና የተገደሉበት ቀን ተቀርጾበታል፤ ስሙ ያልተገኘውም «ያልታወቀ» ተብሎ ተመዝግቧል። በጠቅላላው ከ1877 እስከ 1950 ባለው ጊዜ የተገደሉ ከ4,400 በላይ ሰዎች በዚህ ይታሰባሉ።

የሥፍራው ታላቅነት ግን ከቁጥሩ ይልቅ በወለሉ ላይ ነው። መግቢያው አካባቢ ዓምዶቹ ከሰው ቁመት ጋር የተስተካከሉ ስለሆኑ፣ ጎብኚው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ስሞቹን ፊት ለፊት ያነብባል። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ወለሉ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ዓምዶቹ ግን ከጣሪያው እንደተንጠለጠሉ ባሉበት ይቀራሉ፤ በመጨረሻም ከራስ በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። እዚያ ሲደረስ ስም ማንበብ እጅግ ያስቸግራል። የዘመዱን ስም ፍለጋ ከሩቅ ለመጣ አረጋዊ ይህ ጉድለት ነው ቢባል አልከራከርም። ይሁን እንጂ አሠራሩን የምደግፍበት አንድ ምክንያት አለኝ፦ በግድያው ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ሬሳውን ያየው እንዲሁ ቀና ብሎ ነበር። ጎብኚው ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ በተመልካቹ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ይህን አስቦ ለሠራው ሰው አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

በግድግዳው ላይ ያሉት አጫጭር ጽሑፎች የአንዳንዶቹን ሰዎች «ጥፋት» ይገልጻሉ። ጄሲ ቶርንተን በ1940 በአላባማ በሉቨርን ከተማ የተገደለው አንድን ነጭ ፖሊስ «ሚስተር» ሳይል በመጥራቱ ነው። ኤልሳቤጥ ሎረንስ በ1933 በበርሚንግሃም የተገደለችው ድንጋይ የወረወሩባትን ነጭ ልጆች በመገሠጿ ነው። ሜሪ ተርነር በ1918 በጆርጂያ ከነፅንሷ የተገደለችው የባሏን መገደል በመቃወሟ ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ ግን የአርተር ሴንት ክሌር ጉዳይ ነው። ይህ ሰው አገልጋይ ነበር፤ በ1877 በፍሎሪዳ በሄርናንዶ ካውንቲ የተገደለው አንድን ጥቁር ወንድና አንዲትን ነጭ ሴት በጋብቻ በማጣመሩ ነው። አንድ የወንጌል አገልጋይ በክህነት ሥራው ምክንያት ሲገደል በሰማዕትነት ያልተቆጠረው ለምንድን ነው? ብዙ ክርስቲያኖች የሰማዕታትን ታሪክ በቃል እናውቃለን፤ ይህን ስም ግን ከመታሰቢያው በፊት ከአንድም አትሮንስ ሰምቼው አላውቅም።

ይህ ርእስ በምእመናን መካከል ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥቅሶች መካከል ይቆማል። አንደኛው ወገን ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን ያነሣል፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላልና። ሌላው ወገን ዳንኤል ምዕራፍ 9ን ይጠቅሳል፤ ነቢዩ በልጅነቱ ተማርኮ የሄደና የነገሥታቱን ጣዖት ያላመለከ ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን ከበደለኞቹ ጋር ቆጥሮ ይናዘዛል። እኔ ሁለቱ ይጋጫሉ ብዬ አላምንም። ሕዝቅኤል የሚናገረው እግዚአብሔር ማንን እንደሚቀጣ ነው፤ ዳንኤል ግን ማንም ሳያስገድደው፣ ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከጸሎት ቤት ሆኖ ነው የሚናገረው። የአባቶችን ዕዳ ከልጆች ሥጋ ማስከፈል ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21ን ያንብብ፤ ሳኦል ገባዖናውያንን ስለ ገደለ ከቤቱ ሰባት ወንዶች በተራራ ላይ ተሰቀሉ፣ ከእነርሱም የሁለቱ እናት ሪጽፋ ማቅ ዘርግታ ሬሳቸውን ከሰማይ ወፎችና ከምድር አራዊት ስትጠብቅ ከረመች። የጋራ በደል የሚባለውን ነገር በዚህ መንገድ የሚያስተምር ሰው ካለ አልከተለውም። መታሰቢያውም በዚህ መንገድ አያስተምርም፤ በዓምዶቹ ላይ የተቀረጹት የገዳዮች ስም ሳይሆን የሟቾች ስም ነው፤ ከእነርሱም ጋር የተጠቀሰው የቦታው ስም ነው።

ይህ የቦታ አቆጣጠር ነው ጥያቄዬን የመለሰልኝ። በዘዳግም ምዕራፍ 21 መጀመሪያ ላይ ማን እንደገደለው ያልታወቀ ሰው በሜዳ ወድቆ ቢገኝ ምን መደረግ እንዳለበት ተጽፏል። ሽማግሌዎችና ፈራጆች ወጥተው ከሬሳው እስከ አካባቢው ከተሞች ድረስ ይለካሉ፤ ወደ ሬሳው የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር አምጥተው ወራጅ ውኃ ባለበት ሸለቆ አንገቷን ይሰብራሉ፣ እጃቸውንም ታጥበው «እጆቻችን ይህን ደም አላፈሰሱም፣ ዓይኖቻችንም አላዩም» ብለው ስለ ሕዝቡ ይቅርታ ይለምናሉ። እነዚህ ሽማግሌዎች ንጹሓን ናቸው። ሕጉ ግን ንጽሕናቸው ከመሄድ፣ ከመለካትና ከመለመን አያሳርፋቸውም፤ ደሙ የፈሰሰው በሠፈራቸው ነውና። ከ800 በላይ ካውንቲዎችን አንድ በአንድ በዓምድ ያቆመው ድርጅት ይህን ምዕራፍ አስቦ ይሁን ሳያስብ የሠራው ያንኑ ልኬት ነው። ለእኔ ለመጤውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የማን ዘር እንደሆንሁ አልተጠየቅሁም፣ የምኖርበት ካውንቲ ግን ዓምድ አለው። በ1906 መስከረም ወር ውስጥ በአትላንታ ጎዳናዎች ቢያንስ 25 ጥቁሮች በነጮች ሁከት ተገድለዋል፤ አንዳንዶቹን ጎዳናዎች ዛሬ እኔ በመኪና እመላለስባቸዋለሁ።

ልኬቱ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ግን መናገር ተገቢ ነው። ሳም ሆዝ የተባለው የእርሻ ሠራተኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1899 በጆርጂያ በኒውናን ከተማ አጠገብ በእሳት ተቃጥሎ ተገደለ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ትዕይንቱን ለማየት የሚጓዙ ሰዎችን የጫነ ልዩ ባቡር ከአትላንታ ተነሥቶ ነበር። ከአካሉ የተቆራረጠው ለማስታወሻ ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጥቁሩ ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ የሟቹ የጣት አንጓዎች በሱቅ ውስጥ ለእይታ መቅረባቸውን በሰማ ጊዜ፣ ስለ ጉዳዩ ሊናገር ወደ ጋዜጣ ቢሮ ይሄድ ከነበረበት መንገድ ተመለሰ። ግድያው በኮዌታ ካውንቲ ስለተፈጸመ በመታሰቢያው አሠራር የሚቆጠረው ለኮዌታ ነው፤ የባቡሩ ትኬት የተሸጠበት ፉልተን በዚህ ሬሳ አይጠየቅም። ተሳፋሪዎቹ የዘዳግም ሽማግሌዎች ከሚናገሩት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ፈጽሞ ሊሉት አይችሉም፣ ዓይኖቻቸው አይተዋልና። ያም ሆኖ በእንዲህ ዓይነት ግድያዎች ላይ የአካባቢው መርማሪዎች ደጋግመው የጻፉት ብይን «በማይታወቁ ሰዎች እጅ ሞተ» የሚል ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያየውን ገዳይ ያልታወቀ ማለት ከሐሰት ምስክርነት በምን ይለያል? የእኔ ትችት ይህ ነው፦ ተመልካቹ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አንድ ካርታ ቢኖር ልኬቱ የበለጠ ይሞላ ነበር።

ከዋናው ግንባታ ውጭ በሣሩ ላይ የእያንዳንዱ ዓምድ ቅጂ ተጋድሞ ይታያል። ሐሳቡ እያንዳንዱ ካውንቲ መጥቶ የራሱን እንዲወስድና በሠፈሩ እንዲያቆመው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። በከፍታ የተሰቀለውን ዓምድ ማንበብ ያልቻለ ሰው ስሞቹን እዚህ ጎንበስ ብሎ ያነብባል፤ ስለዚህ ከላይ ያነሣሁት ጉድለት በከፊል ይካካሳል። አብያተ ክርስቲያናት የሚችሉት ሥራ ካለ ይህ ይመስለኛል፦ የካውንቲያቸውን ባለሥልጣናት መጠየቅ። የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት የተባለው የአሜሪካ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ባሪያ አሳዳሪዎች ሚስዮናዊ መሆን ይችላሉ በሚል ክርክር በ1845 ተመሥርቶ፣ ስለ ባርነትና ዘረኝነት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ነው። ዘግይቷል የሚለውን ወቀሳ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ይቅርታ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ባሪያ ያልገዙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ድርጊቱን ከዳንኤል ጸሎት ወገን እቆጥረዋለሁ። የአሜሪካ ምክር ቤት ደግሞ ከ200 በላይ ሙከራዎች ከከሸፉ በኋላ የደቦ ግድያን የፌዴራል ወንጀል ያደረገውን ሕግ ያጸደቀው በ2022 ነው።

ሙዚየሙ በ2021 ወደ አሁኑ ሰፊ ሕንፃ ተዛውሯል፤ ሕንፃው የቆመው በባርነት የተያዙ ሰዎች ይሠሩበት በነበረ የጥጥ መጋዘን ሥፍራ ላይ ነው። ከባሕር ማዶው የባሪያ ንግድ ጀምሮ እስከ ዛሬው የእስር ቤቶች መጨናነቅ ድረስ ይተርካል፤ የሚነበበው ብዙ ስለሆነ ግማሽ ቀን የማይሰጠው ሰው ባይገባ ይሻለዋል። ፎቶግራፍ ማንሣት አይፈቀድም፤ ይህን ክልከላ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፣ የራስን ፊት በዚያ ፊት ማንሣት ምን ዓይነት ድፍረት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ግን ከግድያ ሥፍራዎች በተሰበሰበ አፈር የተሞሉ ከ800 በላይ ማሰሮዎች በመደርደሪያ የቆሙበት ነው። በየማሰሮው ላይ ስም፣ ቦታና ቀን ተጽፏል፤ አፈሩም ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ፣ አሸዋማ አለ። አፈሩን የሰበሰቡት የሟቾቹ ዘመዶችና የየአካባቢው ፈቃደኞች ናቸው። ለቃየል የተነገረው «የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል» የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሙዚየሙም ጥቅሱን በጎብኚው ጆሮ ሳይጮኽ ለአፈሩ መተዉ ጥሩ ፍርድ ነው።

በ2024 የተከፈተው የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ከሁለቱ ያነሰ ያሳስበኛል፤ ውብ ነው፣ ነገር ግን የሚጠይቀኝ ነገር ጥቂት ነው። በመጨረሻው ላይ የቆመውን ታላቅ ግድግዳ ግን አትለፉት፤ ነፃ የወጡ ጥቁሮች በ1870ው ሕዝብ ቆጠራ ያስመዘገቧቸው 122,000 የቤተሰብ ስሞች ተቀርጸውበታል።

ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጋር ለምትሄዱ የምመክረው መጀመሪያ ሙዚየሙን፣ ቀጥሎ መታሰቢያውን እንድታዩ ነው፤ ዓምዶቹ የሚናገሩት ታሪኩን አስቀድሞ ለሰማ ሰው ነውና። ሕፃናትን ወደ ሙዚየሙ ባታስገቡ ይመረጣል፤ ወደ መታሰቢያው ግን አስረዳቸዋለሁ የሚል ወላጅ ይዟቸው መግባት ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት የካውንቲያችሁን ስም በድርጅቱ ካርታ ላይ ፈልጉ፤ ከ800 ዓምዶች መካከል የራስን መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፣ ማኅበሩም ሳያገኘው ወደ አውቶቡሱ ከሚመለስ አስቀድሞ ማን እንደሚፈልግና ስሞቹን ጮክ ብሎ ማን እንደሚያነብብ ቢወስን ይሻላል።