የሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን የአስተዳደር መለኪያ፦ ከደረጃ ሰንጠረዡ ባሻገር

የሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን የአፍሪካ አስተዳደር መለኪያ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር፣ ከወዳጆቼ የሚደርሰኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ኢትዮጵያ ስንተኛ ወጣች?» የሚል ነው። ይህን መለኪያ ለመንግሥት ሠራተኞች በምሰጠው ሥልጠና ላይ ስጠቀምበት ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። እስካሁን በሥራዬ ያየሁት ደረጃው ከሰነዱ ሁሉ ብዙም የማይጠቅመው ክፍል መሆኑን ነው።

ፋውንዴሽኑን እ.ኤ.አ. በ2006 ያቋቋሙት ሱዳን ተወልደው በብሪታንያ የቴሌኮም ባለሀብት የሆኑት ሞ ኢብራሂም ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ፣ ራሳቸው የመሠረቱትን ሴልቴል የተባለ የሞባይል ስልክ ኩባንያ ለአንድ የኩዌት ኩባንያ በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው ነበር። ድርጅቱ የውኃ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ ክሊኒክም አይሠራም። ዋና ሥራው መረጃ ማጠናቀር፣ የውይይት መድረክ ማዘጋጀትና መሪዎችን መሸለም ነው።

መለኪያው 54ቱንም የአፍሪካ አገሮች ከ0 እስከ 100 ባለው ነጥብ ይመዝናል። ሚዛኑ በአራት ምድቦች የተከፈለ ሲሆን፣ እነርሱም ጸጥታና የሕግ የበላይነት፣ ተሳትፎ፣ መብትና አካታችነት፣ የኢኮኖሚ ዕድል መሠረቶች፣ እንዲሁም ሰብአዊ ልማት ናቸው። በሥራቸው 16 ንዑስ ምድቦችና ከ90 በላይ ጠቋሚዎች ይገኛሉ። ፋውንዴሽኑ ከዓለም ባንክ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና ከምርምር ማዕከላት የተገኘውን መረጃ ወደ አንድ ሚዛን አምጥቶ በአማካይ ያሰላል። በ2024ቱ እትም ሲሸልስ ሞሪሸስን በልጣ ቀዳሚ ሆናለች። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የምወደው የአዝማሚያውን አገላለጽ ነው። መሻሻሉ እየፈጠነ ነው ወይስ እየቀዘቀዘ፣ ማሽቆልቆሉስ ተባብሷል ወይስ ጋብ ብሏል የሚለውን የአሥር ዓመቱን ጉዞ ከቅርቡ አምስት ዓመት ጋር አነጻጽሮ ያሳያል። አንድ አገር ደረጃዋ ሳይለወጥ ውስጧ ሊናጋ እንደሚችል የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ተጠቃሚው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እኔም የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በአንድ ወቅት ከ2022ቱ እትም ያስቀመጥኩትን ነጥብ ከ2024ቱ ነጥብ ጎን ደርድሬ የሚያምር ግራፍ ሠራሁ፤ ለሠልጣኞች ከማሳየቴ በፊት በነበረው ማታ ግን የአሠራር ማብራሪያውን ሳነብ ግራፉን መጣል ነበረብኝ። አዲስ እትም ሲወጣ ያለፉት ዓመታት ነጥቦችም እንደ አዲስ ስለሚሰሉ፣ ማነጻጸር የሚቻለው በአንድ እትም ውስጥ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፤ ችግሩ እንደ እኔ ያለው ሰው በቀጥታ ወደ ኤክሴል ሰንጠረዡ መሮጡ ነው።

ዋናው ድክመቱ በእኔ ግምት የአገር አቀፍ አማካይ ነገር ነው። የ2024ቱ እትም መረጃ 2023 ላይ ስለሚያበቃ፣ ሰነዱ እጃችን ሲገባ ብዙ ነገር ተለዋውጦ ይቆያል። ከዚህ የሚብሰው ግን፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ያለፈ ወረዳና በእነዚያው ዓመታት ሥራው ያልተቋረጠ ከተማ በአንድ ቁጥር መጠቅለላቸው ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ነጥብ ሐሰት ነው አልልም፤ የሚናገረው ግን ስለ ማንም ሰው ቀበሌ አይደለም።

ስለ ሽልማቱ ባጭሩ ላንሳ። በምርጫ ሥልጣን ይዞ፣ ሕገ መንግሥቱ በፈቀደለት ዘመን ብቻ አገልግሎ ለወረደ መሪ በአሥር ዓመት የሚከፈል 5 ሚሊዮን ዶላር ተመድቧል፤ ከተሸላሚዎቹም የሞዛምቢኩ ጆአኪም ቺሳኖና የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ይገኙበታል። ሚዛኑን የሚደፋ መሪ ሲጠፋ ሽልማቱ ሳይሰጥ ማለፉን ብዙዎች እንደ ውድቀት ቢያዩትም፣ እኔ ክብሩን የጠበቀለት እርሱ ይመስለኛል። የ2020 ተሸላሚ የሆኑት የኒጀሩ ማሃማዱ ኢሱፉ ሥልጣን በሰላም ያስረከቧቸው ተተኪ በ2023 በመፈንቅለ መንግሥት መውረዳቸው ግን፣ አንድን ሰው መሸለም ተቋምን ማጽናት እንዳልሆነ ያሳያል።

መረጃው በነጻ ይገኛል፤ የአሠራር ማብራሪያውም በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ሁሉ ግልጽ ከሚባሉት አንዱ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ቅጂ ስላላገኘሁ ግን 16ቱን ንዑስ ምድቦች ራሴ ተርጉሜ በወረቀት አባዝቻለሁ። ሠልጣኞቼ ትክክለኛውን ነጥብ ከማየታቸው በፊት የየራሳቸውን ግምት በእርሳስ ይጽፋሉ። ጤናና መሠረተ ልማት ላይ ብዙም አይከራከሩም፤ ተጠያቂነትና ግልጽነት ላይ ስንደርስ ግን ክርክሩ ይጦፍና የሻይ ሰዓት ያልፈናል።