ከጉድጓድ ውሃችን አሸዋና ደለል ላስወገዱልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህ ጽሁፍ ለሁለት ዓመት ያህል ያስቸገረንን የአሸዋና የደለል ችግር ከሥሩ ለፈቱልን አንድ ባለሙያ ምስጋናዬን የማቀርብበት ሲሆን፣ በተለይ ሐዋሳ ውስጥ በግል ጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ጎረቤቶቼ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ባለሙያው ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ብቻ እሰጣለሁ።

ጉድጓዳችን 48 ሜትር ጥልቀት አለው። ከተቆፈረ ጥቂት ወራት በኋላ የሻወሩ ቀዳዳዎች በአሸዋ ተደፈኑ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ውሃ አልስብ አለ። ከእኒህ ባለሙያ በፊት የመጡት ሁለት ሠራተኞች ያዩት ቧንቧውን እንጂ ጉድጓዱን አልነበረም። አንደኛው ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገጥሞልን ሄደ፤ ማጣሪያውም በአራተኛው ቀን ተደፍኖ ውሃ አላሳልፍ አለ። ሁለተኛው ፓምፑ አርጅቷል ብሎ አዲስ አስገዛን፤ አዲሱም ዓመት ሳይሞላው ድምፁ ተለወጠ።

እኒህ ባለሙያ እንደመጡ የጠየቁን ሁለት ባዶ ሃይላንድ ነበር። አንዱን ፓምፑ እንደተነሳ፣ ሌላውን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሞሉና ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ሻካራው አሸዋ ወዲያውኑ ታች ሲቀመጥ፣ ግራጫው ቀላል ብናኝ ግን ከምሳ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልረጋም ነበር። ከተማችን ያረፈችበት ሜዳ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ ከሐይቅ ደለል ጋር የተደራረበበት መሆኑን አስታውሰው፣ ለብሎኬት የምንጠቀምበት ያ ቀላል ድንጋይ ሲደቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንደማይወርድ አስረዱን። ውሃን በማሽከርከር አሸዋ የሚለየውን መሣሪያ ልገዛ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን መሣሪያው የሚሠራው በክብደት ልዩነት ስለሆነ ከባዱን አሸዋ ቢይዝም ይህን ቀላል ብናኝ በደንብ አይዝልህም ብለው አስተዉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሠሩልኝ ሥራ ይልቅ ያስቀሩልኝ ወጪ ነው ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ።

ከዚያ በኋላ ክብደት ያለው ገመድ አውርደው ሲለኩ፣ ጉድጓዱ ታች ሁለት ሜትር ተኩል ደለል ተጠራቅሞ ፓምፑን ሊደርስበት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶት አገኙት። በማግስቱ ፓምፑን አውጥተው ኮምፕሬሰር አመጡና፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አየር እየነፉ፣ ደግሞ እያቆሙ አጠቡት፤ ውሃው በወንፊት ቧንቧው (ውሃ ወደ ጉድጓዱ በሚያስገባው ባለቀዳዳ ቧንቧ) እና በዙሪያው ባለው ጠጠር ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የተሰገሰገውን ብናኝ እንዲያላቅቅ ነው። መጀመሪያ የወጣው ውሃ የአመድ ብጥብጥ ይመስል ነበር፤ ግቢያችን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጸዳም።

ፓምፑን ሲመልሱ ከቀድሞው ቦታ 6 ሜትር ከፍ አድርገው፣ ወንፊት በሌለው የቧንቧ ክፍል ላይ ሰቀሉት፤ ይህን ያደረጉት ግን ውሃው ሲሳብ እስከ የት እንደሚወርድ ከለኩ በኋላ ነው። ቀጥሎም 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በስልካቸው ሰዓት እየለኩ፣ በ12 ሰከንድ ይሞላ የነበረውን በ30 ሰከንድ እንዲሞላ ፍሰቱን በቫልቭ ቀነሱት። ውሃው በኃይል ሲሳብ አሸዋውንም ይዞ ስለሚመጣ፣ ችግሩን ያባባሰው ይኸው ጥድፊያችን ኖሯል። የ2,000 ሊትር ታንከራችን አሁን ለመሙላት ከ20 ደቂቃ ይልቅ 50 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቤተሰቤም ተለማምዶታል። የፓምፑ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ቫልቩን ጨርሶ እንዳንዘጋው አስጠንቅቀውናል።

ታንከሩንም ደለል የሚረጋበት አደረጉት፤ መውጫውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፣ ታች የደለል ማስወገጃ ቧንቧ ገጠሙለት። ከታንከሩ በኋላ መጀመሪያ ባለ 50፣ ከዚያ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ አስቀምጠው፣ በፊትና በኋላ የግፊት መለኪያ ስላደረጉበት፣ የሁለቱ ንባብ ሲራራቅ ማጣሪያው መደፈኑን እናውቃለን። መሣሪያ የገባበትን ጉድጓድ በክሎሪን ሳያክሙም አልሄዱም። የጠራ ውሃ ሁሉ እንደማይጠጣ ሲነግሩንም፣ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚበዛውን ፍሎራይድ (ከመጠን ሲያልፍ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር) ይህ ማጣሪያ ስለማያስቀረው በላቦራቶሪ እንድናስመረምርና፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከሆነ እንዳንጠጣው መከሩን።

ነቀፋ ካስፈለገ፣ በቀጠሯቸው ሁለት ቀን ዘግይተዋል፤ ስልክም ቶሎ አያነሱም። ይሁን እንጂ ከወር በኋላ ሳይጠሩ መጥተው፣ ያንኑ ሃይላንድ ሞልተው የረጋውን አይተዋል፤ ከታች የተቀመጠው ለቁንጥር እንኳን አይበቃም ነበር።

የምትደውሉላቸው ሰዎች፣ ጠዋት ፓምፑ እንደተነሳ የወጣውንና ከአሥር ደቂቃ በኋላ የቀዳችሁትን ውሃ በሁለት ጠርሙስ አስቀምጣችሁ ጠብቁ፤ የጉድጓዱንም ጥልቀት አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።