ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ የፀደይ መግቢያ የአባትና ልጅ የጎልፍ ፓኬጅ ለምትፈልጉ

ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። «ለአባትና ልጅ ልዩ ጉዞ! ማረፊያ፣ ጎልፍና ካርት ተካቷል፤ ከበጋው ዋጋ በግማሽ፤ ጥቂት ቦታ ቀርቷል።» (ካርት ሜዳው ላይ የሚነዳው ትንሽ መኪና ነው።) ፎቶው ላይ ሳሩ ለምለም ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ሽበታም ሰውና አንድ ጎልማሳ እየሳቁ ይጨባበጣሉ። እኔና አባቴ ዘንድሮ እንዲህ ያለውን ፓኬጅ ገዝተን ሄድን። ማን ይናገር የነበረ ነውና ያየነውን ልጻፍላችሁ፤ የሌላ ሰው ገንዘብ በከንቱ እንዳይበላ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ዘዴው የእሱ ብቻ አይደለማ።

መጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደሚረክስ እንግባባ። ጎልፍ የሚሸጠው ሰው የሳሩን ወቅት አብጠርጥሮ ያውቃል፤ እኛ ገዢዎች የምናውቀው ከሥራ እረፍት የወጣንበትን ቀን ነው። ከማርች መግቢያ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ባለው ጊዜ በብዙ ሜዳ ላይ ሳሩ ገና እየነቃ ነው፣ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሳሩ አጥሮ የተቆረጠው ቦታ) እየተበሳ ነው፣ መሬቱም ውሃ እንዳዘለ ነው። ባለሜዳዎቹ ይህን ለጠየቃቸው አይደብቁም። የሚደብቀው መሃል ገብቶ አልጋና ጎልፍ ጠቅልሎ የሚሸጠው ነው።

እኛ ደግሞ ጠይቀናል። «በዚያ ሳምንት ሜዳዎቹ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?» ብዬ በጽሑፍ ላክሁ። የመጣው መልስ «ሁሉም ሜዳዎች ክፍት ናቸው» የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ መልሱ ውሸት የለበትም፤ ክፍት ነበሩ። የመጀመሪያው ግሪን ላይ ስንደርስ ግን መሬቱ ወንፊት ሆኖ ጠበቀን። ከዳር እስከ ዳር በጣት ስፋት ተበሳስቷል፣ በላዩም አሸዋ ተነስንሶበታል። አባባ ከሁለት ሜትር ላይ ኳሷን ቀስ አድርገው ገፏት። ነጠር ነጠር እያለች ሄደች፣ ያለምክንያት ወደ ግራ ታጠፈች፣ ጉድጓዱ ልትገባ ስንዝር ሲቀራት አንዷ ቀዳዳ ውስጥ ቁጭ አለች። ጎንበስ ብለው አሸዋውን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉና «ልጄ፣ እዚህ ላይ ሽንኩርት ሊተክሉ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቅን፤ ግን እስከ 18ኛው ጉድጓድ ድረስ የሚያስቅ አልነበረም።

ይህ ሥራ ኤሬሽን ይባላል። ለሳሩ ጤና የግድ ነው። ሲረገጥ ከርሞ የጠጠረውን አፈር በማሽን እየበሱ አፈሩን በክብ በክብ ነቅለው ያወጣሉ፤ አየርና ውሃ ወደ ሥሩ እንዲደርስ ቀዳዳውን በአሸዋ ይሞሉታል። ቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ሳሩ በደንብ በሚያድግበት ሙቀት እንኳ ግሪኑ ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ አየሩ ከቀዘቀዘ ይቆያል። ቀዝቃዛ አየር የሚስማማው ቤንትግራስ የሚባለው ሳር ያለባቸው ግሪኖች ብዙውን ጊዜ የሚበሱት በፀደይና በመኸር ነው። ሙቀት ወዳዱ የበርሙዳ ሳር ግን በአመዛኙ በበጋው ሙቀት ነው የሚበሳው። ስለዚህ በማርችና በኤፕሪል የት እንደምትሄዱ ስትመርጡ ከሆቴሉ ኮከብ በፊት የግሪኑን ሳር ዓይነት ጠይቁ።

የመበሻው ቀን ከወራት በፊት የሚወሰን ነገር ነው፤ ድንገት አይመጣም። ብዙ ሜዳዎች በፕሮግራማቸው ላይ ያወጡታል፣ አንዳንዶቹም ለዚያ ሰሞን ዋጋ ይቀንሳሉ። እኛ የተጫወትንበት ሜዳ የመግቢያ ጠረጴዛው ላይ ቅናሹን ለጥፎ አገኘነው። በፓኬጁ ሒሳባችን ላይ ግን ሙሉው ዋጋ ነበር የተሰላው። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ልጅ አፍራ «እኛ ለወኪሉ ነግረነዋል» አለችን። ስለዚህ ለወኪሉ አትደውሉ፤ በቀጥታ ወደ ሜዳው ደውሉና «ግሪኖቹ የሚበሱት መቼ ነው? እኛ ስንመጣ ስንት ሳምንት ይሆናቸዋል?» በሉ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነው።

ስለ ቡናማ ሳር ግን ሰው ያለልክ ይደነግጣል። የበርሙዳ ሳር አፈሩ ሲቀዘቅዝ ይተኛል፣ ቀለሙም ገለባ ይመስላል፤ አልሞተም። እንዲያውም ደርቆ ሲጠነክር ኳሱ ይንከባለላል፣ አርጅቶ ርቀት ለቀነሰበት አባት ይህ በረከት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ስኮትስዴል ባሉ የአሪዞና በረሃ ከተሞች ብዙ ሜዳዎች በመኸር ወቅት ራይግራስ የሚባል ሳር በላዩ ይዘሩበታል፤ ማርች ላይ የምታዩት አረንጓዴ እሱ ነው። ስለዚህ ቡናማው አያስፈራችሁ፤ የሚያስፈራው በጁን የተነሳ ፎቶ ለማርች ሲሸጥላችሁ ነው። «ባለፈው ሳምንት የተነሳ ፎቶ ላኩልኝ» በሏቸው። የማይልክ ሰው መልሱን ነግሯችኋል።

«ካርት ተካቷል» የምትለዋ ቃል ደግሞ ለብቻዋ ጉድ ናት። ዝናብ ከዘነበ ካርቱ ከአስፋልቱ መንገድ እንዳይወጣ ይከለከላል፤ እርጥብ ሳር ላይ ጎማ ሲሄድበት ይቦጫጨቃልና ክልከላው ትክክል ነው። ግን ጉልበቱን ለሚያመው አባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኳሱ በሜዳው ወዲያኛው ዳር ነው፣ ካርቱ ወዲህኛው። አባባ ሦስት ዱላ በብብታቸው ይዘው ተሻግረው ይሄዳሉ፣ የሚያስፈልጋቸው አራተኛው ሆኖ ይገኛል፣ ይመለሳሉ። ከሰዓት ሲሆን መጫወቱን ትተው ካርቱ ላይ ተቀመጡ። ከእርጅና ወይም ከሕመም የተነሳ በሳሩ ላይ ለመንዳት ልዩ ፈቃድ የሚሰጡ ሜዳዎች አሉ፤ ቀድማችሁ በጽሑፍ ካልጠየቃችሁ ግን በዕለቱ የሚሰማችሁ የለም። ከዚህም አልፎ ውላችን በደቃቅ ፊደል እንደሚለው የተካተተው የካርቱ «ቦታ» ነበር። ኪራዩን እዚያው በነፍስ ወከፍ አስከፈሉን።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። ብዙ ርካሽ ፓኬጅ የሚሰጣችሁ ትዋይላይት የሚሉትን የከሰዓት በኋላ መነሻ ነው። 18 ጉድጓድ ለመጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሜዳው ከተጨናነቀ አምስትም ይሆናል። በማርች አጋማሽ አሪዞና ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አሪዞና ደግሞ ሰዓቱን ወደ ፊት አይገፋም። ሌላው የአሜሪካ ክፍል በማርች ሁለተኛ እሁድ፣ አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሁድ ነው የሚቀይሩት። ከዚያ በፊት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ሰው የመጨረሻዎቹን ጉድጓዶች የሚጫወተው በግምት ነው። ጠዋት ደግሞ ውርጭ ካለ ሳሩ ሲረገጥ ስለሚሰበር እስኪቀልጥ ድረስ ማንም አይለቀቅም፣ የቀኑ መነሻም በሙሉ ይገፋል። ከኋላ ያለው ይጎዳል።

አሁን ወደ ስም ንግዱ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈውና ውሉ ላይ ያለው ሜዳ አንድ ላይሆን ይችላል። ለአባትና ልጅ የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ልብ የሚያሸንፍ ቦታ ነው፤ ሽማግሌው ቶም ሞሪስና ልጁ እያንዳንዳቸው ዘ ኦፕን የሚባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር አራት አራት ጊዜ ያሸነፉ የዚያው ከተማ ሰዎች ናቸው፣ በ1869 ልጅ አንደኛ አባት ሁለተኛ ወጥተዋል። ግን «በሴንት አንድሩስ ትጫወታላችሁ» ማለት ኦልድ ኮርስ በሚባለው ዝነኛ ሜዳ ላይ ትጫወታላችሁ ማለት አይደለም። እዚያ ሰባት የሕዝብ ሜዳዎች አሉ። ኦልድ ኮርስ በመደበኛው እሁድ ዝግ ነው፤ የመነሻ ሰዓት የሚሰጥበት ዕጣ ውጤትም የሚታወቀው ጥቂት ቀን ሲቀር ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች መጨረሻ ደግሞ ፌርዌዩ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው የታጨደ ሳር) ላይ ኳሱን ከሳሩ ሳይሆን ከትንሽ ምንጣፍ ላይ ነው የምትመቱት። ይህን እያወቀ የሚሄድ ይሂድ፣ እኔ አልከለክልም፤ የሚያናድደው ሳይነግሩ መሸጡ ነው።

የአሜሪካው ፓይንኸርስትም እንዲሁ ነው። የሜዳ ንድፍ አውጪው ዶናልድ ሮስ የሠራውና በ2024 ዩኤስ ኦፕን የሚባለው ውድድር የተካሄደበት ቁጥር 2 የሚባለው ሜዳ ነው፤ በዚያው ስም ግን ሌሎች በርካታ ሜዳዎች አሉ፣ ርካሹ ፓኬጅ ቁጥር 2ን አይጨምርም። ኦገስታን የጠቀሰ ፓኬጅ ካያችሁ ደግሞ እለፉት። ኦገስታ ናሽናል የአባላቱ ብቻ ነው፤ በኤፕሪል መጀመሪያ የማስተርስ ውድድር ሳምንት ሲሆን ደግሞ በአካባቢው አልጋ ማግኘት ራሱ መከራ ነው።

«ወይም ተመሳሳይ» የሚለው ሐረግ ውላችሁ ላይ ካለ ሜዳ አልገዛችሁም ማለት ነው። በተለይ እንደ አሜሪካዋ መርትል ቢች ያሉ፣ ብዙ ደርዘን ሜዳ በአንድ ባሕር ዳርቻ የተደረደረበት ቦታ ላይ ይህ በጣም ይሠራል። ደህናው ሜዳ ይሞላል፣ እናንተ ወደማታውቁት ትወሰዳላችሁ። እኛን ወደ ሌላ ሜዳ ያዞሩን በዋዜማው ማታ በአጭር የስልክ መልእክት ነው። የሜዳው ስም፣ ቀኑና የመነሻ ሰዓቱ ከነማረጋገጫ ቁጥሩ በእጃችሁ ሳይገባ ቀብድ አትክፈሉ፤ ቁጥሩን ይዛችሁም ሜዳው ጋ ደውላችሁ አጣሩት።

የት ይሻላል ለምትሉኝ፣ አባታችሁ በዕድሜ የገፉና ካርት የግድ የሚላቸው ከሆኑ ደረቅ ቦታ ምረጡ፤ በረሃው ይሻላል። ግን እስከ ማርች መጨረሻ በአሪዞናዋ ፊኒክስ ዙሪያ 15 የቤዝቦል ቡድኖች ለዝግጅት ስለሚሰፍሩ ሆቴሉ ውድ ነው። በዚያ ሰሞን ስኮትስዴልን በርካሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ወይ አልጋው ሩቅ ነው ወይ ሰዓቱ ትዋይላይት ነው። ሁለታችሁም በእግር የምትችሉና ነፋስና ዝናብ የማያስከፋችሁ ከሆነ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ባንደን ዱንስ አለ፤ ካርት ያለ ሕክምና ምክንያት አይሰጥም፣ አየሩም በዚያ ወቅት ርኅራኄ የለውም፣ አፈሩ ግን አሸዋ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይውጣል። የፖርቱጋሉ አልጋርቬ መካከለኛ ነው፤ በማርች ለብ ያለ ነው፣ ዝናብም አያጣውም። አንዳንድ ሜዳዎች የሃንዲካፕ (የተጫዋቹ ችሎታ መለኪያ) ወረቀት ስለሚጠይቁ ይዛችሁ ሂዱ። የትም ብትሄዱ አሸዋማ አፈር ከጭቃማ ይሻላል።

ክፍያውን በባንክ ማስተላለፊያ አትላኩ። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው የሚከራከርበት በር አለው። አሜሪካ ውስጥ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያ ሒሳብ ከተላከላችሁ በኋላ 60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ የ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ላለ ግዢ ካርድ ሰጪውንም ተጠያቂ ያደርጋል። ከሜይ 12 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የማረፊያ ዋጋ ሲተዋወቅ የግዴታ ክፍያዎችን ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ ማሳየት ግዴታ ሆኗል፤ «ሪዞርት ፊ» (የሆቴሉ ተጨማሪ ክፍያ) ብለው መውጫ ላይ ካስደነገጧችሁ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። የተበሳውን ግሪንም፣ የተለጠፈውን ቅናሽም፣ የመጣላችሁን መልእክትም እንዲሁ። በቃል የተባለ ነገር ባንክ ፊት ዋጋ የለውም።

ለእኛ ባንኩ የካርቱን ኪራይ መልሶልናል፤ የተቀየረው ሜዳ ጉዳይ ገና እየታየ ነው። ሻጩ ለቅሬታችን መልስ ሳይሰጥ ለሚቀጥለው ፀደይ ቀድመን ከያዝን ቅናሽ እንደሚያደርግልን ጽፎልናል።