ለቢጫዎቹ ወፎች የገዛሁት ኑግ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ የወፍ ምግብና የወፍ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የሱፍ ፍሬ ልገዛ ገብቼ ሳለ ከመደርደሪያው ሥር፣ በሚያሳይ ከረጢት ውስጥ፣ ጥቁርና ቀጭን የሚያብለጨልጭ ፍሬ አየሁ። ከረጢቱ ላይ «ናይጀር» የሚል ስም ተጽፎበታል። ባለሱቁን ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ብዙ ሰው የኮሸሽላ ፍሬ ይለዋል፤ ግን አይደለም፤ ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጣ የዘይት እህል ነው» አለኝና ጥቂት ፍሬ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። በጥፍሬ ጨፍልቄ አሸተትሁት።

ኑግ ነው! ዳንግላ አካባቢ ባደግሁበት ቤት እናቴ ቆልታ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በፈላ ውሃ እያማሰለች ዘይቱን የምታወጣው ኑግ። የሳይንስ ስሙም ቢሆን ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው፤ አገሩን በስሙ ይዞ ይዞራል። እኔ ግን በዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር በየሱቁ አልፌው ሄጄ ነበር።

ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ አንድ ከረጢት ኑግ፣ ስለ ሁለት የወፍ መመገቢያዎችና ከኩሽናዬ መስኮት ሆኜ ስለማነሳቸው ፎቶግራፎች ነው። ኑግን የሚያውቅ ሰው ቢገመግመው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን ያነበብኋቸው አስተያየቶች በሙሉ ስለ ከረጢቱ ዋጋ እንጂ ስለ ፍሬው የሚሉት ነገር የላቸውምና።

በመጀመሪያ ስላከሰረኝ ከረጢት ልናገር። ያን ቀን ከትንሹ ሱቅ ሳልገዛ ወጣሁ። ሁሉም ነገር ከሚሸጥበት ከአንድ ሰፊ መደብር በግማሽ ዋጋ ስላገኘሁ አምስት ፓውንድ (ከሁለት ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ) ኑግ ከዚያ ገዛሁ፤ ቱቦ የሚመስል የፕላስቲክ መመገቢያም ጨመርሁ። ጓሮዬ ውስጥ ካለው የዶግዉድ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬ ጠበቅሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ወፍ አልቀመሰውም። ካርዲናል የሚባሉት ቀይ ወፎች የሱፍ ፍሬያቸውን እየለቀሙ ከኑጉ አጠገብ ያልፋሉ፤ እኔ የምፈልጋቸው ጎልድፊንች የሚባሉት ትንንሽ ቢጫ ወፎች ግን የሉም። ሰፈሬ ውስጥ የማይኖሩ መሰለኝ።

አንድ እሑድ ለእናቴ ስልክ ስደውል ነገሩን አወራኋት። ለወፍ ኑግ መግዛቴን ስትሰማ መጀመሪያ ዝም አለች። እዚያ ኑግ ስንት ብር እንደሆነ አውቃለሁና ቅር ያላት መስሎኝ ፈራሁ። እርሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። «ልጄ፣ ወረቀት ላይ አድርጊና በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቂው። ወረቀቱ ካልወዛ ምኑን ይበሉታል?» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ አደረግሁት። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ዱቄት ቀረ፤ ወዝ የሚባል የለም። ሽታውም የቆየ፣ የሻገተ ሽታ ነው። ነገርኋት። «እማዬ፣ ደረቅ ነው» ስላት «ታዲያ ፋጉሎ ነዋ የሸጡልሽ!» አለች። ዘይቱ ተጨምቆ ያለቀ ተረፈ ምርት ለከብት ይሰጣል፤ ለወፍ ግን ምን ይሆናል?

የደረቀበት ምክንያት አለው፤ ይህን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። ወደ አሜሪካ የሚገባ የኑግ ፍሬ በሙሉ በመንግሥት ደንብ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ማለፍ አለበት። ይህም ከኑጉ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣን የአረም ዘር ለመግደል ነው፤ በተለይም ቅጠል የሌለውን፣ እንደ ክር በሰብል ላይ የሚጠመጠመውን ጥገኛ አረም ይፈሩታል። በዚህ ሙቀት ያለፈ ፍሬ አይበቅልም። ዘይቱ አብሮት አለ፤ ነገር ግን በሙቀት ያለፈና መጋዘን ውስጥ የሰነበተ ኑግ ከአውድማ እንደወጣው አይሆንም። ጥሩ ኑግ ከክብደቱ 30 እስከ 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው፤ ወፏ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከረጢቱ መደርደሪያ ላይ ስንት ወር ተቀመጠ የሚለው ብቻ ነው። በዚያ ሰፊ መደብር ከረጢት ላይ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም።

ወደ ትንሹ ሱቅ ተመለስሁ። አምስት ፓውንዱን በ17 ዶላር ገዛሁ። ቤት ሳልደርስ፣ መኪና ውስጥ እንዳለሁ፣ ደረሰኙ ላይ ጨፈለቅሁት። ወዙ ወዲያው እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ተሰራጨ። ቅዳሜ ሰቀልሁት፤ ረቡዕ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስመለስ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ጎልድፊንች ተንጠልጥለውበት አገኘኋቸው። ኮቴን ሳላወልቅ ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየኋቸው።

ወንዱ በዚህ አገር የሙቀት ወራት ከአደይ አበባ ይበልጥ ቢጫ ነው፤ ግንባሩ ላይ ጥቁር ቆብ ደፍቷል፤ ክንፉም ጥቁር ነው። እኛም ዘንድ የሚመስለው አለ፦ ራሱ በሙሉ ጥቁር፣ ገላው ቢጫ የሆነ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ ትንሽ ወፍ። የሁለቱም ቤተሰብ አንድ ነው። ልጅ ሳለሁ የዳጉሳና የኑግ ማሳ ስጠብቅ ማማ ላይ ቆሜ እንዲህ ያሉትን ወፎች በወንጭፍና በጩኸት አባርር ነበር። ያኔ ቀለማቸውን በቅጡ አላየሁትም፤ የማየው እህሉን ነበር። አሁን የማያቸው በሌንስ ነው፤ የላባቸው ጠርዝ ሳይቀር ይታየኛል።

ስለ መመገቢያው። የፕላስቲኩ ቱቦ ጎኑ ላይ ኑግ ብቻ የሚያሾልኩ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲጥል ውሃ ከታች ይጠራቀምና የመጨረሻው አንድ ስንዝር ኑግ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ሁለት ጊዜ ሻጋታ አገኘሁበት። መክፈቻውም ከላይ ብቻ ስለሆነ ታችኛውን ክፍል ለማጠብ ረጅም ብሩሽ ያስፈልጋል። አልመክረውም። በኋላ የገዛሁት የብረት ወንፊት የመሰለ ነው፤ 24 ዶላር ከፈልሁበት። ወፎቹ በፈለጉት በኩል ይንጠለጠሉበታል፤ ነፋስ ስለሚገባው ኑጉ ቶሎ ይደርቃል፤ ታችኛው ክዳን ተፈትቶ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። አንድ ቀን በካሜራ ቆጥሬ 9 ወፎች በአንድ ጊዜ ተንጠልጥለውበት አይቻለሁ። ጉድለቱ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ፍሬ ያንጠባጥባል። ከሥሩ የሚታየው ጥቁር ክምር ግን አብዛኛው ፍሬ ሳይሆን ገለባ ነው፤ «ወፎቹ ያባክናሉ» ብላችሁ አትቆጡ፤ ልጠው ውስጡን ነው የሚበሉት። የዛፍ ሽኮኮዎችም ለኑግ ብዙም ግድ የላቸውም፤ የሱፍ ፍሬ የሰቀለ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል።

በዚያው ሱቅ ኑግ ከተሰባበረ ሱፍና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ተቀላቅሎ በርካሽ ይሸጣል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት በዚህ ከረጢት ላይ ተገልብጦ ደረሰ፤ እዚህ አብሮ የተወቀጠው ኑጉ ነው። ድንቢጦች ሱፉን ፍለጋ ኑጉን በምንቃራቸው እየጠረጉ መሬት ላይ ይበትኑታል። ለብቻው ግዙት።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልግባ። ወፎችን አንድ ቦታ መሰብሰብ በሽታንም መሰብሰብ ነው። በ1994 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ዓይን የሚያሳብጠው የወፎች በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ መመገቢያ ላይ በሚመጡ ሃውስ ፊንች በሚባሉ ወፎች ላይ ነው። በ2021 ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ በዚሁ አካባቢ ብዙ ወፎችን ሲገድል ነዋሪዎች መመገቢያቸውን እንዲያወርዱ ተነግሮ ነበር። እኔም ባለፈው የካቲት አንድ ዓይኗ የተዘጋ ወፍ አየሁ። መመገቢያው ላይ ቁጭ ብላ ሌሎቹ ሲበሩ እርሷ አልበረረችም፤ ተጠግቼ እንኳ አላየችኝም። ያን ቀን ካሜራውን አላነሳሁም። ወንፊቱን አወረድሁ፤ በአንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ዘፈዘፍሁት፤ በፀሐይ አደረቅሁት፤ ለሁለት ሳምንትም አልሰቀልሁም። አሁን ወፍ ቢታመምም ባይታመምም በየሁለት ሳምንቱ አጥበዋለሁ። ለማጠብ ጊዜ የሌለው ሰው እባክዎን አይስቀል።

የሚሰቀልበት ቦታም የራሱ ነገር አለው። የኔ ከመስኮቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ወፍ ደንግጣ ስትነሳ በዚህ ቅርበት መስታወቱን ብትነካም ኃይል ስላላገኘች አትጎዳም። አደገኛው መካከለኛው ርቀት ነው፤ ወይ በጣም ማቅረብ፣ ወይ ከአሥር ሜትር በላይ ማራቅ ይሻላል።

ይህ ቅርበት ለካሜራ አይሆንም፤ ሌንሴ እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ቢሆንም ከአንድ ሜትር ተኩል ወዲህ ያለውን አያጠራም። ስለዚህ ከመመገቢያው ራቅ አድርጌ፣ ሦስት ሜትር ያህል ላይ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ መሬት ውስጥ ተከልሁ። ወፎቹ ተራ እየጠበቁ እዚያ ላይ ያርፋሉ፤ ፎቶግራፉ ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ አይታይም። ከቅርንጫፉ በስተጀርባ ያለው የጎረቤት ጥድ ሩቅ ስለሆነ ለስላሳ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። መስኮቱን ከፍቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የኩሽናዬ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከሥራ የምመለስበት ሰዓትና ብርሃኑ ይገጥማሉ። ፍጥነቱን 1/1250 ሰከንድ ላይ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በታች ክንፋቸው ይደበዝዛል። ወር ሙሉ ያስለፋኝ ግን ቢጫው ነበር። ካሜራው ጥቁሩን ጥድ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የወንዱ ደረት ላባ የሌለው ቢጫ ቀለም ብቻ ይሆናል። ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ እርከን ስቀንስ እያንዳንዱ ላባ ተመለሰ።

በኅዳር ወር ወፎቹ ጥለውኝ የሄዱ መስሎኝ አዝኜ ነበር። አልሄዱም፤ ቢጫው ላባ ረግፎ ቡላ ቀለም ያለው ላባ ለብሰው ነው። ኑጉን በዚህ አገር የብርድ ወራትም አታቋርጡ፤ ብርድ ሲጠና ነው በብዛት የሚመጡት። ከሌሎች ወፎች ዘግይተው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ስለሚፈለፍሉ ጫጩቶቻቸውን ይዘው ጓሮዬ የሚደርሱት በጳጉሜንና በመስከረም ነው። አምና በዚያው ወቅት እናቴ ኑጉ ማበብ መጀመሩን ነገረችኝ፤ እኔም ክንፏን እያርገፈገፈች አባቷን ምግብ የምትለምን ጫጩት ፎቶግራፍ ላክሁላት። አጉልታ አይታ «ይህችስ ጠግባለች» አለችኝ።

ከሱቁ ጋር አንድ ቅሬታ ነበረኝ፦ የእርሱም ከረጢት ቀን አልነበረውም። ፍሬው ጥሩ ቢሆንም በመጋቢት የገዛሁትና በነሐሴ የገዛሁት እኩል አልወዙም። ባለሱቁን ወረቀትና ማንኪያ አስመጥቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ጨፍልቄ አሳየሁት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። አሁን አዲስ ጭነት ሲገባ ከእያንዳንዱ ከረጢት ጀርባ የገባበትን ቀን በእርሳስ ይጽፋል። ከሄዳችሁ ከረጢቱን ገልብጣችሁ እዩት፤ ከሦስት ወር ያለፈውን ተዉት።